ሰባት ሰው የሚይዝ ያገለገለ መኪና ሲገዙ ምርመራውን ከኋላው ወንበር ይጀምሩ

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ አራት ልጆች አሉን። ትልቁ 11፣ ሁለተኛዋ 7፣ ሦስተኛው 3 ዓመቱ ሲሆን ትንሿ ገና የ8 ወር ሕፃን ናት። የባለቤቴ እናትም አብረውን ይኖራሉ፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው መኪና ላይ መውጣትና መውረድ ይከብዳቸዋል። ትንሿ መኪናችን ስለማትበቃን ያገለገለ ሚኒቫን ለመግዛት ገንዘብ ስናጠራቅም ቆይተን አሁን ሁለት መኪኖች ቀርበውልናል። የመጀመሪያው 8 ዓመት ያገለገለ፣ በናፍጣ የሚሠራና አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው ነው። ቆጣሪው 90 ሺህ ኪሎ ሜትር ያሳያል፤ ቀለሙ ያብረቀርቃል፤ የወንበር ልብሱም አዲስ ነው፤ የጥገና መዝገብ ግን የለውም። ሁለተኛው 11 ዓመት ያገለገለ፣ በቤንዚን የሚሠራ፣ ማንዋል ካምቢዮ ያለውና 168 ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደ ነው። ጎኑ ተጫጭሯል፤ ነገር ግን ከአዲስነቱ ጀምሮ በአንድ ቤተሰብ እጅ የቆየ ሲሆን የጥገና ደረሰኞቹ ሁሉ አሉ። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። የዘወትር ጉዟችን ልጆቹን ትምህርት ቤት ማድረስና መመለስ ሲሆን ረጅም መንገድ የምንሄደው በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ባለቤቴ የመጀመሪያውን ወዶታል፤ ሻጩም ሌላ ገዢ ስላለ በዚህ ሳምንት ወስኑ ይለናል። የትኛውን እንግዛ? ባለቤቴንስ ምን ብዬ ላሳምነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የቤተሰብዎን ሁኔታ በዝርዝር ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ፤ የልጆቹን ዕድሜና የአማትዎን ሕመም ባይነግሩኝ ኖሮ የምሰጥዎት ምክር ግማሽ ብቻ ይሆን ነበር። መልሴን ሳላዘገይ ልንገርዎት፤ በጻፉልኝ መሠረት የማደላው ጎኑ ወደ ተጫጫረው ወደ ሁለተኛው መኪና ነው። ይሁን እንጂ ይህ ፍርድ ሁለቱም መኪኖች ከዚህ በታች የምዘረዝረውን ምርመራ እስኪያልፉ ድረስ የሚቆይ ጊዜያዊ ፍርድ ነው፤ ሁለተኛውም ቢሆን ፈተናውን ከወደቀ ትቶ ሌላ መፈለግ እንጂ ከሁለት አንዱን የመግዛት ግዴታ የለብዎትም።

ያገለገለ መኪና የሚያይ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚከፍተው ኮፈኑን ነው። እኔ ግን ለቤተሰብ የሚሆን ሚኒቫን ሲታይ ምርመራው ከመጨረሻው ረድፍ ወንበር ተነሥቶ ወደ ፊት መሄድ አለበት እላለሁ። ይህን የምልበት ምክንያት ቀላል ነው። ሰው ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና ተጨማሪ ዋጋ፣ ተጨማሪ ነዳጅና ተጨማሪ ጥገና የሚከፍለው ለሦስተኛው ረድፍ ብሎ ነው፤ ያ ረድፍ ልጆችዎን በደህና የማያስቀምጥ ከሆነ ሞተሩ የቱንም ያህል ቢያምር የገዛችሁት ከባድ የአምስት ሰው መኪና ይሆናል። ሞተር ይጠገናል፤ የወንበር አቀማመጥ ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ይኖራል።

ስለዚህ መኪናዎቹን ለማየት ሲሄዱ ሁለቱን የሕፃናት ወንበሮች ይዘው ይሂዱ፤ ከተቻለም ቤተሰቡ ሁሉ ይሂድ። የሕፃኗ ወንበር ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ የሚታሰር ስለሆነ ብዙ ቦታ ይወስዳል፤ ከፊቱ የሚቀመጠውን ሰው ወንበር ወደ ፊት ሊያስገፋው ይችላል። እንዲህ ያለውን ወንበር ኤርባጉ በሚሠራ የፊት መቀመጫ ላይ ማሰር ፈጽሞ የማይደረግ ነገር ነው፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ የሚመታው የሕፃኗን ጭንቅላት የደገፈውን ጀርባ ነውና። በሁለተኛው ረድፍ ላይ አይሶፊክስ የሚባሉት፣ የሕፃን ወንበር የሚሰካባቸው የብረት መያዣዎች በየትኞቹ መቀመጫዎች ላይ እንዳሉ እጅዎን በወንበሮቹ መጋጠሚያ ውስጥ አስገብተው ይዳስሱ። በብዙ መኪኖች መያዣዎቹ ያሉት በዳርና በዳር ብቻ ነው፤ ሦስቱም መቀመጫዎች ላይ ያሏቸው ሚኒቫኖችም አሉ። ለእርስዎ ቤተሰብ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፤ ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

የሕፃኗን ወንበር በአንዱ ዳር፣ የሦስት ዓመቱን ልጅ ወንበር በሌላው ዳር ካሰራችሁ ሁለቱ ትልልቆቹ ወደ ሦስተኛው ረድፍ የሚያልፉበት መንገድ ይዘጋል፤ አብዛኛው መቀመጫ የሕፃን ወንበር ታስሮበት እያለ አይታጠፍምና። በየቀኑ ትምህርት ቤት በር ላይ ወንበር እየፈታችሁ ልታስሩ ነው ማለት ነው፤ በችኮላ የታሰረ የሕፃን ወንበር ደግሞ አደጋ ነው። መሃለኛው መቀመጫ መያዣ ካለው፣ ወይም የሦስት ዓመቱ ልጅ ወንበር በመኪናው የደህንነት ቀበቶ መታሰር የሚችል ከሆነ፣ ሕፃኗ በትራፊኩ በኩል ባለው ዳር፣ ወንድሟ መሃል ይቀመጡና በእግረኛ መንገድ በኩል ያለው ሦስተኛው መቀመጫ ለእርስዎ ነፃ ይሆናል። ያ መቀመጫ በአንድ እጅ ተገፍቶ የሚታጠፍ ከሆነ ትልልቆቹ ቀድመው ይገባሉ፤ እርስዎ መልሰው አስተካክለው ይቀመጣሉ። ሁለተኛው ረድፍ ሦስት የተለያዩ መቀመጫዎች ያሉት መኪና ለዚህ ይመቻል፤ አንድ ወጥ አግዳሚ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስተኛው አብሮ ስለሚንቀሳቀስ ይቸግራል። ሁለት ሰፋፊ ወንበሮች ብቻ ኖረው በመሃላቸው መተላለፊያ ያለው አሠራር ለብዙ ቤተሰብ ምቹ ቢሆንም፣ በእናንተ ቤት ከሦስቱ ተቀማጮች አንዱን ወደ መጨረሻው ረድፍ ስለሚገፋ ደጋግማችሁ አስቡበት።

አማትዎ ከፊት፣ ከሹፌሩ ጎን ቢቀመጡ እመክራለሁ። ጉልበት ለሚያመው ሰው የሚበጀው መቀመጫ እስከ ዳሌ ከፍታ የሚደርስ ነው፤ ዘወር ብሎ ቁጭ ማለትና ከዚያ እግርን ማስገባት ይቻላልና። ሚኒቫን ከጂፕ መሰል መኪኖች የሚሻለው በዚህ ነው፤ ወለሉ ዝቅ ያለ ነው። ነገር ግን ከመኪና መኪና ይለያያልና እናታችን ራሳቸው ወጥተውና ወርደው ይፈትኑት፤ በሩ አጠገብ የሚይዙት እጀታ መኖሩንም ይመልከቱ።

አሁን ወደ መጨረሻው ረድፍ ይሂዱና ልጆቹን ሳይሆን ራስዎን ያስቀምጡ። ቀበቶዎቹ ትከሻንም ወገብንም የሚይዙ፣ ሲሳቡ በቀላሉ የሚመጡና በድንገት ሲሳቡ የሚቆልፉ ይሁኑ። ጭንቅላት መደገፊያዎቹ በቦታቸው ይኑሩ፤ ብዙ ባለቤቶች ወንበሩን አጥፈው ዕቃ ሲጭኑ አውጥተው ይጥሏቸዋል፤ በኋላ ይጠፋሉ። ከጭንቅላትዎ ጀርባ እስከ ኋላው መስታወት ያለውን ርቀት ያስተውሉ። በጣሪያው ጠርዝ ላይ ያሉት ኤርባጎች እስከ ሦስተኛው ረድፍ መድረስ አለመድረሳቸውን በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ያረጋግጡ፤ በሁሉም መኪኖች ላይ አይደርሱም። ከዚያም ከኋላ ሆነው ማንም ሳይረዳዎት የፊተኛውን መቀመጫ አጥፈው ለመውጣት ይሞክሩ፤ የ11 ዓመቱ ልጅዎ ይህን ማድረግ ካልቻለ በአደጋ ጊዜ እህቱን ይዞ አይወጣም። የ7 ዓመቷ ልጅ ደግሞ ቁመቷ እስከ 135፣ በአንዳንድ አገሮች ሕግም እስከ 150 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ ድረስ ከፍ የሚያደርግ መቀመጫ ስለሚያስፈልጋት እሱም የሚገባበት ስፋት መኖሩን ይለኩ።

ከዚያው ሳይነሡ ስለ ክብደት ላንሣ፤ ሰው የማይጠይቀው ነገር ነውና። ሰባት ሰው የሚይዝ መኪና ሁሉ ሰባት ሰውና ሻንጣቸውን ይችላል ማለት አይደለም። በበሩ ምሰሶ ላይ ወይም በምዝገባ ሰነዱ ላይ የመኪናው ከፍተኛ ጠቅላላ ክብደትና ባዶ ክብደቱ ተጽፎ ይገኛል፤ የሁለቱ ልዩነት መጫን የሚቻለው ነው። ለምሳሌ ጠቅላላው 2400፣ ባዶው 1800 ኪሎ ግራም ቢሆን 600 ኪሎ ግራም ይቀርዎታል። ሰባት አዋቂዎች በአማካይ 75 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ 525 ይወስዳሉ፤ ለሻንጣ የሚተርፈው 75 ብቻ ነው። የእናንተ ልጆች ዛሬ ትንንሾች ስለሆኑ ይበቃችኋል፤ መኪናውን ስምንት ዓመት ልትይዙት ካሰባችሁ ግን ትልቁ ልጅ 19 ዓመት እንደሚሞላው አስቡ። ሦስተኛው ረድፍ ሲቆምም ከኋላው የሚቀረው የዕቃ ቦታ ጠባብ ስለሆነ የሕፃኗ ጋሪ መግባቱን እዚያው ይፈትኑ።

ተንሸራታች በሮች ካሉ እያንዳንዱን አሥር ጊዜ ይክፈቱና ይዝጉ፤ አሥር ጊዜ የምለው ለማጋነን አይደለም። መንኰራኩሮቻቸው ያልቃሉ፤ በሞተር የሚከፈቱት ላይ ደግሞ የሚስበው ገመድና ከበሩ ጋር የሚተጣጠፈው የኤሌክትሪክ ሽቦ በጊዜ ብዛት ይበጠሳሉ። ሦስት ጊዜ ተከፍቶ በአራተኛው የሚያመነታ በር ጥገናው ቀርቧል ማለት ነው። የልጆች መቆለፊያውና አንድ ነገር መሃል ሲገባበት ወደ ኋላ የሚመልሰው መከላከያ መሥራታቸውን ይመልከቱ፤ መከላከያውን በእጅዎ ሳይሆን በተጠቀለለ ፎጣ ይፈትኑት።

ከዚህ አጠገብ የምነግርዎት ነገር ከራሴ ቤተሰብ የደረሰ ነው። ከዓመታት በፊት እህቴና ባሏ እንዲህ ያለ መኪና ሲገዙ አብሬያቸው ሄጄ ነበር። ወቅቱ ብርዳማ ስለነበረ የፊተኛውን አየር ማቀዝቀዣ ለአንድ ደቂቃ ከፍተን መሥራቱን አየን፤ የኋላውን ግን ማናችንም አልነካነውም። ሙቀቱ ሲመጣ ልጆቹ ከኋላ በላብ ታጠቡ። በእንዲህ ዓይነት መኪኖች ላይ ለኋለኛው ማቀዝቀዣ ጋዙን የሚወስዱት ረጃጅም ቱቦዎች ብዙ ጊዜ ከወለሉ ሥር ያልፋሉ፤ በጭቃና በእርጥበት ዝገው ይበሳሉ፤ በዚያ መኪና ላይ የሆነውም ይኸው ነበር። ቱቦውን ለመቀየር መኪናው ሥር ያለውን ብዙ ነገር መፍታት ስላስፈለገ ወጪው ያልታሰበ ሆነ። ዛሬም ያ ነገር ያንገበግበኛል፤ አምስት ደቂቃ ይበቃ ነበር። እናንተ ብርድ ቢሆንም የፊቱንም የኋላውንም ማቀዝቀዣ አሥር ደቂቃ አሠሩት፤ በኋላ መውጫዎቹ ላይ እጃችሁን አድርጋችሁ ቅዝቃዜውን ለኩ፤ የኋለኛውን ማሞቂያም እንዲሁ።

ወለሉን የሸፈነውን ምንጣፍ በሦስተኛው ረድፍ እግር ሥርና በዕቃ መጫኛው ጎኖች ላይ ገለጥ አድርገው ይዳስሱ፤ ያሽትቱም። የሻገተ ሽታ ካለ ወይም ብርቱ የሽቶ ጠረን ከተነፋበት ውኃ ገብቶበታል ብለው ይጠርጥሩ። የደህንነት ቀበቶዎቹን እስከ መጨረሻው ስበው ያውጡ፤ ጎርፍ የገባበት መኪና ቢታጠብም የጭቃው መስመር ተጠቅልሎ ከሚቀመጠው የቀበቶ ክፍል ላይ ብዙ ጊዜ አይጠፋም።

አሁን ወደ መጀመሪያው መኪና ልምጣ። 90 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዷል የሚለው ቆጣሪው ብቻ ነው፤ ሌላ ምስክር የለውም። ቆጣሪ በቀላሉ ወደ ኋላ የሚመለስ ነገር ሲሆን፣ ይህን የሚያጋልጡት ደግሞ ሰው ሊቀይራቸው የማያስባቸው ነገሮች ናቸው። የፍሬን መርገጫው ላስቲክ ተበልቶ ከለሰለሰ ወይም መኪናው አሮጌ ሆኖ ሳለ መርገጫው ብቻ አዲስ ከሆነ፣ የመሪው ቆዳ ከላይ ከተላጠ፣ የሹፌሩ መቀመጫ በበሩ በኩል ያለው ጎኑ ከሰመጠ 90 ሺህ የሚለው ቁጥር አያሳምንም። አዲስ የወንበር ልብስ ንጽሕና ሊሆን ይችላል፤ የሚሸፍነው ነገር ስላለም ሊሆን ይችላል፤ እንዲያወልቁልዎት ይጠይቁና ሥሩን ይዩ። ሰባት ሰው የሚይዝ መኪና ለተሳፋሪ ማመላለሻም ይፈለጋል። በዳሽቦርዱ ወይም በጣሪያው ላይ ተደፍኖ የቀረ የብሎን ቀዳዳ፣ ከመጠን በላይ ያለቀ የሦስተኛ ረድፍ መቀመጫ፣ በተንሸራታቹ በር ደፍ ላይ የተላጠ ቀለም ካዩ መኪናው በሥራ የኖረ መሆኑን ይጠይቁ። መሥራቱ ነውር አይደለም፤ መደበቁ ነው ችግሩ።

ቁጥሩ እውነት ቢሆን እንኳ ይህ መኪና ለእናንተ አነዳድ አይስማማም። የቅርብ ዘመን የናፍጣ መኪኖች በጭስ መውጫቸው ላይ ጥቀርሻ የሚይዝ ማጣሪያ አላቸው። ማጣሪያው የያዘውን ጥቀርሻ አቃጥሎ ራሱን የሚያጸዳው ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ሲሆን፣ ያን ሙቀት ለማግኘት ሞተሩ ሞቆ ለሩብ ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሳይቋረጥ በጥሩ ፍጥነት መሄድ ይኖርበታል። ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ሄዶ የሚጠፋ ሞተር ይህን ዕድል አያገኝም፤ ማጣሪያው ይደፈናል፤ ጽዳቱ ደጋግሞ ተጀምሮ ሲቋረጥም ያልተቃጠለ ናፍጣ ከሞተር ዘይት ጋር ይቀላቀላል። ማጣሪያውን መቀየር ውድ ነው፤ ነቅሎ መጣል ደግሞ በብዙ አገሮች ሕገ ወጥ ነው፤ ለልጆች ሳንባም ክፉ ነው። በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ረጅም መንገድ የሚሄድ ቤተሰብ በቤንዚን የሚሠራውን ቢይዝ ይሻለዋል።

አውቶማቲክ ካምቢዮውም ያለ መዝገብ ያስፈራኛል። ከባድ መኪና፣ ሰባት ሰው፣ ቆም ሄድ የሚል የከተማ መንገድ፤ እነዚህ ሁሉ የካምቢዮ ዘይትን ያሞቁታል። ዘይቱ በጊዜው መቀየሩን የሚናገር ደረሰኝ ካልተገኘ አልተቀየረም ብሎ ማሰቡ ይበጃል። ለምሳሌ በቮልስዋገን ሻራንና በሴአት አልሃምብራ ላይ የሚገኘው በዘይት ውስጥ የሚሠራው ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ባለ 6 ማርሽ ካምቢዮ በየ60 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ዘይትና ማጣሪያ መቀየር ይፈልጋል። ይህ ሳይደረግ 90 ሺህ የደረሰ መኪና፣ ደግሞም 90 ሺህ መሆኑ ያልተረጋገጠ፣ የሚያስተማምን አይደለም።

ሁለተኛው መኪና ደረሰኞች አሉት ብለዋል፤ ደረሰኝ መኖሩ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ቁጭ ብሎ በቀን ቅደም ተከተል አስቀምጦ ማንበብ ያስፈልጋል። ኪሎ ሜትሩ ከደረሰኝ ደረሰኝ ሳይዘል ሲጨምር ይታያል? የሞተር ዘይት በምን ያህል ርቀት ይቀየር ነበር? ሞተሩ ታይሚንግ ቤልት (ፒስተኖቹና ቫልቮቹ ሳይጋጩ ተናበው እንዲሠሩ የሚያደርግ የላስቲክ ቀበቶ) ያለው ከሆነ መቼ ተቀየረ? ይህ ቤልት እንደ ሞተሩ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ከ60 ሺህ እስከ 160 ሺህ ኪሎ ሜትር ባለው ርቀት ወይም ፋብሪካው ባስቀመጠው የዓመት ገደብ፣ ከሁለቱ ቀድሞ በደረሰው የሚቀየር ሲሆን፣ በብዙ ሞተሮች ላይ ከተበጠሰ ፒስተኖቹ ከቫልቮቹ ጋር ተጋጭተው ሞተሩን ያበላሹታል። በ168 ሺህ ላይ ያለ መኪና ይህን ሥራ ብዙ ጊዜ ወይ ተሠርቶለታል፣ ወይ ሰዓቱ አልፎበታል፤ ደረሰኙን ካላገኙ የሥራውን ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ላይ ያስቀንሱ፤ ከገዙም በመጀመሪያው ሳምንት ያሠሩት። በሰንሰለት የሚሠራ ሞተር ከሆነ በጠዋት ሲነሣ የሚሰማ መንኳኳት መኖሩን ያዳምጡ። የፍሬን ዘይትም በብዙ ፋብሪካዎች ምክር በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል፤ እሱ እንኳ በደረሰኞቹ ውስጥ ከተገኘ ባለቤቱ ጠንቃቃ ሰው ነበር ማለት ነው።

ማንዋል ካምቢዮ ስለሆነ ፍሪሲዮኑን ይፈትኑ። በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ማርሽ በዝግታ እየሄዱ ነዳጁን ጠበቅ አድርገው ሲሰጡ የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ካልተከተለው ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ሞተሩ ሲነሣና ሲጠፋ ከካምቢዮው በኩል የብረት ግጭት የሚመስል ድምፅ ከተሰማ ደግሞ ቮላኖው (ፍሪሲዮኑ የሚያርፍበት ከባድ ክብ ብረት) ሳያልቅ አልቀረም፤ ሁለቱም አብረው ስለሚቀየሩ ወጪው ቀላል አይደለም።

ስለ ጭረቱ አይጨነቁ። የሚያስጨንቀው ከሥር ያለው ዝገት ነውና መኪናው በጋራዥ ተነሥቶ የተሸከርካሪው አካል ምሰሶዎች፣ የፍሬን ቱቦዎችና የኋላ ሞላዎች ይታዩ። ጎማዎቹ ላይ በሞላላ ክበብ ውስጥ ያሉትን አራት አኃዞች ያንብቡ፤ 3518 ማለት በ2018 (እ.ኤ.አ.) በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ከዚያው ከልኩ ቀጥሎ ያለውን የክብደት ቁጥርም ይመልከቱ፤ 94 የተጻፈበት ጎማ 670፣ 98 የተጻፈበት 750 ኪሎ ግራም ይሸከማል። ሻጮች ርካሽ ጎማ ሲገጥሙ ለትንሽ መኪና የተሠራውን የሚያደርጉበት ጊዜ አለ፤ ሰባት ሰው ለሚጭን መኪና ይህ ቀልድ አይደለም። መመሪያው ከሚጠይቀው ያነሰ ቁጥር ካዩ አራቱንም መቀየር ግድ ነው።

የመኪናው ዕድሜ 11 ዓመት በመሆኑ አንድ ነገር በተለይ ያረጋግጡ፤ መንሸራተትን የሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት አለው ወይ? በአውሮፓ ኅብረት ይህ በአዲስ መኪኖች ሁሉ ላይ ግዴታ የሆነው ከኅዳር 2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፣ በአሜሪካ ደግሞ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ ነው። ረጅምና ከባድ መኪና በእርጥብ መንገድ ላይ ሲታጠፍ ሕይወት የሚያተርፍ ነገር ስለሆነ የሌለው መኪና ቢሆን ደረሰኞቹን ሁሉ ይዞ ቢመጣም አትግዙት እላለሁ። ቁልፉ ሲከፈት ምልክቱ በዳሽቦርዱ ላይ መብራትና ሞተሩ ሲነሣ መጥፋት አለበት፤ ኤርባግንም የሚያሳየው መብራት እንዲሁ። ጨርሶ የማይበራ መብራት ከማይጠፋው ይልቅ ያጠራጥራል፤ አምፖሉን ያወጣው ሰው ሊኖር ይችላልና።

መካኒኩን ራሳችሁ ምረጡ፤ ሻጩ የሚያመጣው መካኒክ ለሻጩ ነው የሚሠራው። ሻጩ ሞተሩን ቀድሞ እንዳያስነሣው በስልክ ይለምኑት፤ ሲደርሱ ኮፈኑን በእጅዎ ነክተው ቀዝቃዛ መሆኑን ያረጋግጡ። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ የሚወጣው ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን፣ ሳይቋረጥ የሚቀጥል ነጭ ጭስ ውኃ ወደ ሞተሩ መግባቱን ያሳያል። መካኒኩ የኮምፒውተር መመርመሪያውን ሲሰካ የስህተት ቁጥር አለመኖሩን ብቻ ሳይሆን የመኪናው የውስጥ ፍተሻዎች ተጠናቀዋል ወይስ አልተጠናቀቁም የሚለውን እንዲያይ ይንገሩት። ስህተቶቹ በቅርቡ ከተሰረዙ ፍተሻዎቹ ያልተጠናቀቁ ሆነው ይገኛሉ፤ ሻጩ ከመምጣታችሁ በፊት መብራት አጥፍቷል ማለት ነው። የመንዳት ሙከራውንም ቤተሰቡን ሁሉ ጭናችሁ፣ ዳገት ባለበት መንገድ አድርጉት፤ ለሹፌሩ ብቻ የቀለለ መኪና ሰባት ሰው ሲጭን ሌላ መኪና ነው።

በሰነድ በኩል የሻንሲ ቁጥሩ በመስታወቱ ሥር ወይም በበሩ ምሰሶ፣ በሻንሲው ላይና በምዝገባ ሰነዱ አንድ ይሁን። በብዙ መኪኖች ላይ ቁጥሩ 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉት ሲሆን አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡበትም፤ ለጃፓን ገበያ የተሠሩት ግን አጠር ያለ ቁጥር ነው ያላቸው። በዚሁ ቁጥር ፋብሪካው ጉድለት ላለባቸው መኪኖች ያወጣው የጥገና ጥሪ መኖር አለመኖሩ ይጣራል። ታካታ የተባለው ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ሲፈነዱ የብረት ስብርባሪ ስለሚረጩ በዓለም ላይ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መኪኖች ተጠርተዋል፤ ጥገናው በነፃ ቢሆንም ሳያሠሩ የሸጡ ብዙዎች ናቸው። ሻጩ በሰነዱ ላይ ስሙ ያለው ሰው ራሱ መሆኑንና መኪናው በዕዳ አለመያዙን ደግሞ ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት ከሚመለከተው መዝጋቢ አጣሩ።

በዚህ ሳምንት ወስኑ ለሚለው ሻጭ የምትሰጡት መልስ አንድ ነው፦ መኪናው በመረጥነው ጋራዥ ከታየ በነገታው እንወስናለን። እውነተኛ ሻጭ ይህን አይከለክልም፤ ከከለከለም የምርመራውን ወጪ አተረፈላችሁ። ያጠራቀማችሁትን ገንዘብ በሙሉ ለመኪናው አትክፈሉ፤ እኔ ብሆን ቢያንስ አንድ አሥረኛውን አስቀር ነበር፤ ያገለገለ መኪና በመጀመሪያዎቹ ወራት ዘይትና ማጣሪያ፣ የፍሬን ሸራ፣ ባትሪ፣ ምናልባትም ጎማ ይጠይቃል።

ባለቤትዎን በተመለከተ፣ የመጀመሪያውን መኪና መውደዱን አይንቀፉበት። ቤተሰቡን በአማረ መኪና ማስቀመጥ የሚመኝ አባት ነው፤ የሰበሰባችሁት ገንዘብም የሁለታችሁ ድካም ነው። ክርክሩን በቃል አትጀምሩት። ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱን መኪኖች ለማየት አብራችሁ ሂዱ፤ የሕፃናቱን ወንበሮች እሱ ራሱ ያስራቸው፤ ከዚያ ከሁለቱ ትልልቅ ልጆች አንዱን አስከትሎ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ይግባና በሌላው ልጅ ቦታ ለሩብ ሰዓት ይቀመጥ፤ ሌላ ሰው ይንዳ። ሲመለስ የሁለተኛውን መኪና ደረሰኞች እንዲያነብ ይስጡት፤ ለመጀመሪያው መኪና ደግሞ ሻጩን አንድ ነገር ብቻ እንዲጠይቅ ይንገሩት፤ የካምቢዮው ዘይት መቼ ተቀየረ?